የእድራችን ሳህን ቀይ ሲያበራ

ሳህን እንደሚታጠብ ረስቼ የአንድ ደግ ሽማግሌ ስም አፈር ላስገባ ነበር። ከዚህ የባሰ አሳፋሪ መግቢያ ያለው አንባቢ ካለ ይምጣና እንለዋወጥ። ሁለት ዲግሪ አለኝ፤ ሁለቱም መስታወት ገብቶላቸው ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። የተበላበት ሳህን ውሃ ውስጥ እንደሚገባ ግን አንዳቸውም አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኋቸውም።

መቱ ነው የምኖረው። መቱን ያላየ ሰው ዝናብ አውቃለሁ ቢለኝ በትሕትና አዳምጬው ወሬ እቀይራለሁ። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ምርምሬ ደግሞ ብርሃን በሚሰጡ ዱቄቶች ላይ ነው። የያዮዋ አማቴ ይህን ሰምተው «ልጄን ያገባው ዱቄት ሠሪ ነው» ብለው ለአገሩ ስላወሩልኝ፣ እዚያ ወፍጮ ቤት እንዳለው ሰው ነው የምከበረው። አንድ ጊዜ የባለቤቴ አጎት ከጫካ የቆረጡትን ማር ይዘውልኝ መጡና፣ ወፍጮው በናፍጣ ነው ወይስ በመብራት ብለው ጠየቁኝ። በመብራት ነው አልኳቸው። ምን ላድርግ፤ ዱቄቱን የማበስልበት እቶን እኮ በመብራት ነው የሚሠራው፣ መብራት ሲኖር።

ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ፤ በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው። ዚንክ ኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት አለ። ሕፃን ቂጡ ሲላጥ በሚቀባው ነጭ ቅባት ውስጥ ያለው እሱ ነው። እኛ ቅንጣቱን እጅግ አድቅቀን እንሠራዋለን፤ አንዲት የጤፍ ፍሬ በሺህ ተቆርሳ፣ ከቁራሾቹ አንዷ ደግሞ እንደገና በሃያ ብትቆረስ ያህል ነው። ከዚያ ዩሮፒየም ከሚባል፣ «ብርቅዬ መሬት» ከሚሏቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ ከሆነው፣ ቁንጥር እናደርግበታለን። ከእቶን ሲወጣ ነጭ ነው፤ ከፉርኖ ዱቄት ማንም አይለየውም። ባለሱቆች የብር ኖት ሐሰተኛ መሆን አለመሆኑን የሚያዩባትን ሐምራዊ ባትሪ ሲያበሩበት ግን እንደ ፍም ይቀላል። ባትሪው ሲጠፋ ተመልሶ ነጭ ይሆናል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ቁንጥር ያልኩት በምክንያት ነው። ዩሮፒየም በበዛ ቁጥር የሚደምቅ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ እኔም መጀመሪያ መስሎኝ ነበር። ሲበዛ ይጠፋል። ምክንያቱም አንዱ የተቀበለውን ጉልበት ብርሃን አድርጎ በማውጣት ፋንታ ለጎረቤቱ ያቀብለዋል፤ ጎረቤቱም ለሌላው፤ ሲቀባበሉ ቆይተው አንድ ሽንቁር ጋ ሲደርስ እዚያው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ይህን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ሁልጊዜ የእድራችን ኮሚቴ ነው ትዝ የሚለኝ። «ለእገሌ ነግሬዋለሁ» ይላል አንዱ፤ እገሌም ለእገሊት ነግሯታል፤ ነገሩ ግን ለባለቤቱ ሳይደርስ ይቀዘቅዛል።

እድራችን ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ ከወሎ መጥቶ እዚህ የሰፈረው ሙስሊሙም በአንድ ጡሩምባ የሚሰበሰብበት ነው። የመሠረቱት ሽማግሌዎች በለቅሶ ቤት ሥጋ እንዳይቀርብ ወስነዋል፤ ማንም ከማንም ሳህን እንዳይሸሽ ብለው ነው። ስለዚህ ሽሮና ክክ እየበላን በአንድ ሳህን እናዝናለን። ለምስር የሚሟገት ሃይማኖት እስካሁን ሰፈራችን አልመጣም።

የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ጋሼ ተሬሳ ጋ ነው። ጋሼ ተሬሳ ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው። ጴንጤ ስለሆኑ ማተብ የላቸውም፤ በማተቡ ቦታ የእድሩን ቁልፍ በጥቁር ክር አንገታቸው ላይ አስረዋል። እኔ ከእሳቸው ጋር ልዩ ነገር አለኝ፤ ባለቤቴን ሌንሴን ለጋብቻ ሊጠይቁልኝ በዚያ መንገድ ያዮ ድረስ ተንገጫግጨው የሄዱት ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። አማቴ እምቢ ብለው ሲያንገራግሩ፣ «ልጁ እጁ አይረባም፣ ልቡ ግን ይረባል» ብለው አስታረቁኝ። ስለ እጄ የተናገሩት እውነት መሆኑን ወደፊት ታያላችሁ።

እንግዲህ የእድሩ ዕቃ ይጠፋ ጀመር። ሳህን ይጠፋል፣ ጭልፋ ይጠፋል፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ አግዳሚ ጠፋ። አግዳሚ በጋቢ ሸፍኖ የወጣ ሰው ካለ አድናቆቴ ይድረሰው። እርግጥ በእኛ ሰፈር ዕቃ መቀላቀሉ ያለ ነው። ለቅሶ ሲሆን ጎረቤት ሁሉ ምግብ ሠርቶ በየራሱ ሳህን ያመጣል። ሴቶቹም እንዳይምታታ በየሳህናቸው ቂጥ የጥፍር ቀለም ነጠብ ያደርጋሉ፤ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ሮዝ። ሮዝ በገበያ ላይ ርካሽ በሆነበት ዓመት ሰፈሩ በሙሉ ሮዝ ሆነና ማንም የራሱን መለየት አቃተው።

አዲሱ የእድራችን ዳኛ አቶ ታደለ ግን በዚህ አይስቁም። ዕድሜያቸውን በቢሮ የጨረሱ፣ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ጃንጥላቸውን እንኳ አጥፈው የሚያስሩት በሁለት ቋጠሮ ነው። በየስብሰባው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይሉና የጋሼ ተሬሳን አንገት ያያሉ። ስም አልጠሩም። መጥራትም አላስፈለጋቸውም፤ ሰፈሩ ራሱ ማንሾካሾክ ጀመረ።

አንድ እሑድ ጋሼ ተሬሳ ቤቴ መጡ። ሻይ ቀረበላቸው፤ አልጠጡትም።

«ኢልመ ኮ፣» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ነገር ሲከብዳቸው ወደ ኦሮምኛው ይሄዳሉ። «እኔ ስሞት የሚቀብረኝ ይህ እድር ነው። ‹ና ሌባውን እንቅበር› ተባብሎ የሚወጣ ሰው እንዳይኖር ነው የምፈራው። ሌላ ምንም አልፈራም።»

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ እሳቸው ደግሞ ገና ከመቃብር በላይ ሳሉ ስማቸው ሊቀድማቸው ነው። በዚያች ቅጽበት ነው እንግዲህ ያ ሊቅነቴ የተነሳብኝ። ዱቄቴ አለ። ነጭ ነው፣ አይታይም፣ ባትሪው ሲበራ ብቻ ይቀላል። የእድሩን ዕቃ ሁሉ በስውር ምልክት ብናደርግ፣ ከዚያ ሳህኑ የት እንደሚሄድ ብናይ፣ ጋሼ ተሬሳ ነጻ ይወጣሉ። ለአቶ ታደለ ነገርኳቸው፤ ወደዱት። ለሴቶቹ ተጠሪ ለእትዬ ዘሐራ ነገርናቸው። እትዬ ዘሐራ «ይመርዛል ወይ?» ብቻ ነው የጠየቁት። ለሕፃን ገላ የሚሆን ነው፣ እሱም የሚቀባው ከሳህኑ ቂጥ ነው፣ ከፈለጉ መጀመሪያ እኔ እበላበታለሁ አልኳቸው። ጋሼ ተሬሳን ጨምሮ ምሥጢሩ ከአራታችን እንዳይወጣ ተማማልን።

ቅዳሜ ዕቃ ቤት ገብተን ሥራ ጀመርን። ጋሼ ተሬሳ ሳህኑን እየገለበጡ ያቀብሉኛል፤ እኔ በጣቴ አንዲት ነጥብ አሳርፍበታለሁ። ዱቄቱን ከቫርኒሽ ጋር እንድለውሰው መክረውኝ ነበር። ቫርኒሽ ይሸተኛል። በዚያ ላይ ቶሎ አይደርቅም፣ እኔ ደግሞ ቸኩያለሁ። ስለዚህ በእንጨት ኮላ ለወስኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ማወቅ ግን ሌላ ነው። ማታውን ባትሪውን ሳበራው መደርደሪያው በሙሉ በቀይ ነጥብ ተሞላ። ጋሼ ተሬሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው አዩት። እኔም ኩራት ተሰማኝ።

ከዚያ ሁለት ለቅሶ አለፈ። ሳህን ደግሞ ጎደለ። አቶ ታደለ «እንግዲህ ብርሃኑ ይውጣ» አሉ። ከማን እንጀምር ሲባል፣ ከባለቁልፉ መጀመር ወግ ነው ተባለ። ጋሼ ተሬሳም «ቶሌ፣ እሺ፣ ከእኔ ጀምሩ» ብለው በሩን ራሳቸው ከፈቱልን። በልቤ ደስ አለኝ፤ አሁኑኑ ነጻ ይወጣሉ።

መስኮቱን ዘጋን። ባትሪውን አበራሁ።

መደርደሪያቸው ላይ ያሉት ሳህኖች ቀሉ። ብርጭቆዎቹ ቀሉ። ጭልፋው፣ የውሃ ጆጉ፣ የበሩ እጀታ፣ ከዘራቸው ሳይቀር ቀላ። ባትሪውን ወደ መሬት ባዞረው ይሻላል ብዬ ሳዞር እጃቸውን አገኘው፤ እጃቸውም ቀይ ነው። እትዬ ዘሐራ በቀስታ «ኢናሊላሂ» አሉ፣ ሰው የሞተ ያህል።

ጋሼ ተሬሳ እጃቸውን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት። ከዚያ ጥቁሩን ክር ባንገታቸው አወጡና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«የወሰደው የኔ እጅ መሆኑን አላውቅም ነበር፣» አሉ።

ብርሃኑ የእኔ ነው፣ ዱቄቱ የእኔ ነው። ምልክቱ ሲደረግ ሳህን እየገለበጡ ያቀበሉኝ እሳቸው መሆናቸው፣ ሌባ ቢሆኑ ምልክት ያለበትን ሳህን መደርደሪያቸው ላይ እንደማይደረድሩ፣ ይህ ሁሉ በዚያ ሰዓት ለማናችንም አልመጣልንም። ሰው በገዛ ዓይኑ ቀይ ካየ በኋላ ማሰብ ያቆማል። ሌሎች ቤቶችንም መፈተሽ አላስፈለገም ተባለ። አቶ ታደለ ጃንጥላቸውን በሁለት ቋጠሮ አሰሩና ወጣን።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው የባሰው። በሳምንቱ ለሥራ ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ ኡካ ሄድኩ። ምሳ ሰዓት አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገብቼ ሽሮ አዘዝኩ። ባትሪዋን ከኪሴ አውጥቼ በእጄ ሳገላብጣት፣ በጨለመችው ቤት ውስጥ ሳላስበው ሳህኑ ላይ በራች። ሳህኑ ቀላ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ለአንድ አፍታ «ጋሼ ኡካ ድረስ ነው እንዴ የሚያቀርቡት?» አልኩ። ባለቤቲቱን ጠርቼ ሳህኑን ከየት እንዳመጣችው ጠየቅኋት። የሷ ነው። ገዝታዋለች። ባለፈው ወር መቱ የእህቷ ባል ሞቶ ምግብ ሠርታ ይዛበት ሄዳ ነበር፤ እዚያው ተመግበውበት፣ አጥባ ይዛው ተመለሰች። ምነው አለችኝ። ሽሮሽ ይጣፍጣል አልኳት።

ስመለስ የተሳፈርኩበት መኪና ውስጥ አጠገቤ የኖፓ ሰው ተቀምጠዋል። እኚህም መቱ ለቅሶ ደርሰው፣ ኡካ ዘመድ ጠይቀው ወደ ኖፓ የሚመለሱ ናቸው። ወሬ ስንጫወት፣ ለሳይንስ ነው ብዬ አስፈቅጄ እጃቸው ላይ በጃኬቴ ከልዬ አበራሁ። ጣቶቻቸው ቀይ ናቸው። ሰውየው ደነገጡና በሽታ ነው ወይ አሉኝ። አይደለም፣ ጤና ነው ብዬ አረጋጋኋቸው። መቱ እስክንደርስ ድረስ ግን እጃቸውን ከጉያቸው አላወጡም፤ ኖፓ ሲደርሱ ምን ብለው እንዳወሩ አላውቅም።

ቤቴ ስገባ ዝናቡ እያወረደው ነው፣ መብራት ሄዷል። ባትሪዋን አበራሁ። የልጄ ጉንጭ ቀላ። የድመታችን ጢም ቀላ። የድስቱ ክዳን፣ የወንበሩ ክንድ፣ የመጽሐፍ ቅዱሱ ጥግ፣ የኔው የዲግሪ መስታወት ሳይቀር ቀላ። ሌንሴ እጇን ዘርግታ «እኔንስ?» አለች፤ ክንዷ እስከ ክርኗ ፍም ነው። ያኔ ትዝ አለኝ። እኔ የቀባሁት ነጥብ ነው። እዚህ የማየው ግን ነጥብ አይደለም፤ የተዳመጠ፣ የተቀባባ፣ ደመና የሚመስል ነገር ነው። ጋሼ ተሬሳ ቤትም ያየሁት ይኸው ደመና ነበር።

«ለቅሶ ቤት ሳህኑን እንዴት ነው የምታጥቡት?» አልኳት።

«እንዴት ይታጠባል? በሳፋ ነዋ። የእድሩም የጎረቤቱም አንድ ላይ፣ በፈላ ውሃ፣ በአንድ ጨርቅ።»

«ኮላው...» አልኩ።

ኮላ በፈላ ውሃ ይለቃል። ይህን አናጢ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። የማላውቀው ሳህን እንደሚታጠብ ነበር። ዱቄቱ ከእድሩ ሳህን ተነሥቶ ሳፋው ውስጥ ገብቷል፣ ከሳፋው ወደ ጎረቤት ሳህን፣ ከሳህን ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ልጅ ጉንጭ። «ሳህን እንደሚታጠብ ለማወቅ እኮ አንድ ቀን ማጠብ ይበቃ ነበር፣» አለች ሌንሴ።

ጠዋቱን አቶ ታደለ ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። ለእትዬ ዘሐራም ንገሩ አሉኝ። እትዬ ዘሐራም ለጸሐፊው ይነገር አሉ። ጸሐፊው ደግሞ ነገሩ የጠቅላላ ጉባኤ ነው አለ። ዩሮፒየሙ በዛ ማለት ነው። በዚህ መሐል የፀጉር አስተካካዩ እናት አረፉና ሁላችንም ለቅሶ ገባን። ጋሼ ተሬሳ ግን አልመጡም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታቸውን ከነዕቃው፣ እጃቸውንም ጭምር ሲያጥቡ ሰነበቱ ተባለ። በዚህ ሰፈር ሰው ሞቶ እሳቸው ያልተገኙበት ቀን ማንም አያስታውስም። ድንኳኑን የተከለው ሌላ ሰው ስለሆነ አንድ ጎኑ ያፈሳል፤ ከሚያፈሰው ሥር የተቀመጠው ሁሉ ቀና ብሎ ያይና ወንበሩን ያሸሻል። እኔ ሦስቱንም ቀን ወደ ቤታቸው ልሄድ እየተነሳሁ መልሼ ተቀመጥኩ። አፈርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

በሦስተኛው ቀን ዕቃው ተሰብስቦ፣ ምሳ ተበልቶ፣ አባላቱ የእድሩ ቆርቆሮ አዳራሽ ገባን። ዝናቡ በጎን ስለሚገባ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፣ መብራትም የለም፤ ከቀትር በኋላ ሆኖ የሰው ፊት በጭንቅ ነው የሚለየው። አቶ ታደለ ቁልፉ ለአዲስ ዕቃ ጠባቂ እንዲተላለፍ ጋሼ ተሬሳን አስጠርተዋቸው ነበርና መጡ። በሩ አጠገብ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ሰላምታ የሰጣቸው ሰው ጥቂት ነው። ቁልፉ ከፊት ጠረጴዛው ላይ አለ።

ተነሣሁ። የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ፤ ዱቄቱን፣ ኮላውን፣ ሳፋውን። ፊታቸውን ሳይ ማንም አልገባውም። ስለዚህ ባትሪዋን አወጣሁና ከራሴ ጀመርኩ። እጄ ቀላ፣ ከረባቴ ቀላ፣ ጢሜ ላይ ምሳዬ የት የት እንደነካኝ ታየ። አዳራሹ ተንጫጫ። ባትሪዋን ወደ አቶ ታደለ አዞርኳት። አቶ ታደለ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸውና እጃቸውን ራሳቸው ዘረጉ። ሁለቱም መዳፎች ፍም ሆኑ፤ የጃንጥላቸው እጀታም እንደዚያው፣ ቋጠሮዎቹ ሳይቀሩ። አንድ ሰው ከኋላ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለ። ሳቁ ከዝናቡ በለጠ።

ከዚያ ሁሉም እኔን እኔን ማለት ጀመረ። ባትሪዋን ይዤ በየአግዳሚው ሄድኩ። እጅ ሁሉ ቀይ ነው። የእትዬ ዘሐራ ክንድ እንደ ሌንሴ እስከ ክርን ነው። የቄሱ መስቀል እጀታ፣ የፓስተሩ ሰዓት፣ የጡሩምባ ነፊው ከንፈር፣ ሁሉ ቀልቷል። ነጭ ነጠላዎች በሰማያዊ ሲያበሩ ደንግጠው ነበርና፣ ያ የልብስ ሳሙና ነው፣ አይቆጠርም እያልኩ አለፍኩ። እንዲህ እያልኩ በሩ ጋ ደረስኩ።

ጋሼ ተሬሳ እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁኝ። አበራሁ።

ምንም የለም። ገለበጥኩት፤ ምንም። ባትሪዋ የደከመች መስሎኝ በራሴ መዳፍ ላይ ሞከርኳት፣ ቀላ። ወደ እሳቸው መለስኳት፣ ጨለማ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል የማያበሩት እነዚያ ሁለት የአናጢ እጆች ብቻ ናቸው።

«እነሆ፣ ንጹሕ ናቸው!» አለ አንዱ። ጭብጨባ ሊጀመር ነበር።

አቶ ታደለ ግን ከፊት ሆነው እጃቸውን አነሡ። «ንጹሕ አይደለም ነገሩ፣» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ወትሮው የቢሮ አልነበረም። «ሦስት ቀን አብረውን አልበሉም። ማዕዳችን አልነካቸውም።»

ሳቁ ቆመ። እኔ እዚያው በሩ ላይ ባትሪዬን ይዤ አለቀስኩ፤ በጨለማ ስለነበር ማንም አላየኝም ብዬ ነበር፣ ሌንሴ አይታኛለች። አቶ ታደለ ቁልፉን ከጠረጴዛው አነሡና በአግዳሚዎቹ መሐል መጡ። ክሩን በጋሼ ተሬሳ አንገት ላይ ሊያጠልቁላቸው ሲሞክሩ ለሕፃን ኮፍያ ለማድረግ እንደሚታገል ሰው ሆኑ፤ ጋሼ ተሬሳ ጎንበስ ብለው ረዷቸው። «ይቅር በሉን፣» አሉ አቶ ታደለ። ጋሼ ተሬሳ «እሺ» ብቻ አሉ። ቀጠል አድርገው ግን «ድንኳኑን ማን ነው የተከለው? ከመንገድ ሆኜ ሳየው አንድ ጎኑ ያፈሳል፣» አሉ።

የኔ ቅጣት ሳይነሣ አልቀረም። የእድራችን ቅጣት ብር ነው፤ እትዬ ዘሐራ ግን ተነሥተው «ወላሂ ከዚህ ልጅ ብር አንቀበልም። ሳህን እንደሚታጠብ ይማር፣» አሉ። በጭብጨባ ጸደቀ። የሳህኑ ነገርስ ካላችሁ፣ በዚያው ሳምንት የዕቃ ቤቱ በር ላይ በየጠዋቱ ሳህንና ጭልፋ ተደርድሮ ይገኝ ጀመር። ብርሃኑ ሌባና ጎረቤት እንደማይለይ በአደባባይ ብናገርም፣ ሰው ሁሉ መደርደሪያውን ደግሞ ሳያይ አልቀረም። አግዳሚውም ተመለሰ፤ ለሠርግ የተዋሱት ሰዎች መመለሱን ረስተውት ነበር። አሁን ከጠፋብን ይበልጥ ዕቃ አለን፤ የሌሎች እድሮች ሳህን ጭምር። ጋሼ ተሬሳ ባለቤቶቹን እየፈለጉ ሲመልሱ ከረሙ።

ቀጥሎ ለቅሶ ሲሆን ቅጣቴን ልፈጽም ሳፋው ጋ ተቀመጥኩ። እጄ እንደማይረባ ጋሼ ተሬሳ ያዮ ላይ የተናገሩት በሴቶቹ ሁሉ ፊት ተረጋገጠ። ሁለት ብርጭቆ ከሰበርኩ በኋላ ብርጭቆ እንዳልነካ ተከለከልኩ። እጄ በፈላ ውሃ ተልጦ ያንኑ የሕፃን ቅባት ሊያስፈልገኝ ምንም አልቀረኝም ነበር። ጋሼ ተሬሳ ድንኳኑን ተክለው ጨርሰው መጡና ድንጋይ ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ወንድ ሳፋ ውስጥ እጁን አይከትም ብሎ የሚያጉረመርም አንድ ሁለት ሰው ነበር፤ አልሰሟቸውም። ሳህን አንሥተው አጠቡ፣ ሌላም አጠቡ።

ከዚያ እርጥብ እጃቸውን ወደ ደረት ኪሴ ሰደዱና ባትሪዋን አወጡ። በጋቢያቸው ከልለው መዳፋቸው ላይ አበሯት። ዓይናቸው ደከም ብሏልና ወደ እኔ አዘነበሉ።

«አበራ?» አሉኝ።

«አበራ፣ ጋሼ።»

«ቀይ?»

«ቀይ ነው።»

«ቶሌ፣» አሉና ባትሪዋን መልሰው ኪሴ ውስጥ አስገቡ፤ ከዚያም የሚለቀለቅ ሳህን አቀበሉኝ።